የመሸበት እንግዳ በወንጪ

በእኛ ቋንቋ «ዐረፈ» የሚለው ቃል ጣጣ አለበት። «አቶ እገሌ ዐረፉ» ሲባል የሰማ ሰው ነጠላውን ያዘቀዝቃል እንጂ «የት ሄደው? ላንጋኖ ነው ሶደሬ?» ብሎ አይጠይቅም። አያቶቻችን ዕረፍትን ከወዲያኛው ዓለም ጋር ያጎዳኙት በከንቱ አይመስለኝም። በዚህ ዓለም ሳሉ የሚያውቁት ዕረፍት ሰንበትና በዓል ነበር፤ እሱም ቢሆን በገዛ ደጃፍ፣ ጠላ ከጎን ተቀምጦ ከጎረቤት ጋር ሲጫወቱ የሚውሉት ነው። መንገድ ግን ሌላ ነገር ነው። መንገድ የሚወጣው ለጉዳይ ነበር። ነጋዴው ለአሞሌውና ለቡናው፣ ወታደሩ ለዘመቻው፣ ባለጉዳዩ ለአቤቱታው፣ ተሳላሚው ለግሸን ወይም ለቁልቢ፣ የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቶ ለቅኔው ይሄዳል። «ልዝናና ብዬ ነው የወጣሁት» የሚል መንገደኛ ቢገኝ ኖሮ፣ ሰላይ ነው ወይም ጤናውን አጥቷል ተብሎ ወደ ጭቃ ሹሙ ቤት ይወሰድ ነበር።

ታዲያ ለመዝናናት ብሎ ከቤት መውጣት ከየት መጣብን? ከየትም ይምጣ፣ ቀድመው የለመዱት ነገሥታቱ ናቸው። የዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ሰዎች ከእንጦጦ ብርድ እየወረዱ ፍል ውሃ ሲታጠቡ፣ እቴጌ ጣይቱ ቦታውን ወደዱትና ቤት ተሠራላቸው። ይህ የሆነው በ1879 ዓ.ም. ነው። በቤቱ ዙሪያ መንደር፣ በመንደሩ ዙሪያ ከተማ በቀለና አዲስ አበባ ተባለ። ስለዚህ አዲስ አበቤ ሁሉ፣ ወደደም ጠላም፣ የመታጠቢያ ቤት ልጅ ነው ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም። እሑድ እሑድ ፎጣ ይዘን ሙቅ ውሃ ፍለጋ የምንባዝነው ከዘር የወረስነው ሳይሆን አይቀርም።

አምቦም የዚሁ ታሪክ ታናሽ እኅት ናት። በአንድ ወቅት ሐገረ ሕይወት ተብላ የተጠራችው ይህች ከተማ ፍል ውሃም መዋኛም አላት፤ ከ1922 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በጠርሙስ የታሸገው ውሃዋ ደግሞ ስሟን ከገበታ ገበታ አዙሮታል። ዛሬ አስተናጋጁን «አምቦ አምጣልኝ» የሚለው ሰው የየትኛውም ፋብሪካ ውሃ ቢመጣለት ቅር አይለውም፣ ብቻ ይንጨርጨር። ከአምቦ ቀጥሎ ሶደሬ መጣ፣ ላንጋኖ መጣ፣ ቢሾፍቱ መጣ፣ ሐዋሳ መጣ። የኢትዮጵያ የቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ» የሚለውን መፈክር ለዓለም ሲያስተዋውቁ፣ ፈረንጁ ላሊበላንና አክሱምን ብሎ በበቅሎና በአቧራ ሲንከራተት፣ የእኛ ከተሜ ግን ፀጋውን በመዋኛ ዳር ተቀብሎታል። ደርቭላ መርፊ የምትባል አየርላንዳዊት በ1959 ዓ.ም. በቅሎ ይዛ በእግሯ ተጉዛ አዲስ አበባ ገባች። በመንገድ ላይ ተዘርፋለች፣ ተርባለች፣ ብርድ አንቀጥቅጧታል። ጉዞዋንም በመጽሐፍ ጽፋዋለች። ይህን ታሪክ የነገርኩት አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ፣ «ገንዘብ አልነበራትም እንዴ?» ነበር ያለኝ።

ባልደረባዬ ላይ መሳቅ አይገባም። ከገጠር ለወጣ ሰው፣ ወይም አባቱ ከገጠር ለወጡለት ሰው፣ በእግር መሄድና ጭስ ቤት ማደር የተገላገለው መከራ ነው። ልጅ ሆኖ ሦስት ሰዓት ተጉዞ ትምህርት ቤት የዋለን ሰው «በእግር እንጓዝ፣ ደስ ይላል» ብትሉት ያፌዛችሁበት ይመስለዋል። እኔም ከዚህ ወገን ነኝ። ተደላድዬ የምቀመጥበት ወንበር፣ የሚሞቅ ውሃና የማላውቀው ሰው የሚያመጣልኝ ምሳ ከተገኘ ሌላ አያምረኝም። አንባቢዬ ይህን ይያዝልኝ፤ ወንጪን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም።

የመረጠችው ባለቤቴ ናት። ጊዜው 1998 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት መስከረም ላይ እናቷን ቀብረን ነበር። እሷ ነርስ ነች፤ ስምንት ወር ሙሉ ሌሊት በሥራዋ ላይ በሽተኛ ስታገላብጥ ታድርና ቀን ቀን ደግሞ በቤት የራሷን በሽተኛ ስታገላብጥ ትውላለች። እናቷ ካለፉ በኋላም እንቅልፍ አልተመለሰላትም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ብድግ ትልና የመድኃኒት ሰዓት ያለፈባት ይመስል አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ለፋሲካ ሰሞን መሥሪያ ቤቴ ቢሾፍቱ ከሚገኝ አንድ መዝናኛ ጋር በቅናሽ ተነጋግሮ ስለነበረ፣ ሁለት ሌሊት ለሦስት ሰው አስመዘገብኩ። «እግዜር የላከው ነው» አልኩ። ከሥራዬ ወጥቼ ቤት ስደርስ ግን የሰማሁት ሌላ ነው።

«ቁጭ ስል ነው የሚመጣብኝ» አለችኝ። «ባለፈው ዓመት እዚያው ቢሾፍቱ ለሠራተኛ ሠርግ ወስደውን አልነበር? ወንበሩ ላይ ጋደም ብዬ ሐይቁን እያየሁ እማዬ መድኃኒቷን ማን ሰጣት እያልኩ ነው የዋልኩት። አሁን ደግሞ ሰጪም ተቀባይም የለም። እዚያ ወስደህ አታስቀምጠኝ። የሚያደክመኝ ቦታ ውሰደኝ።»

ከእሷ ጋር የሚሠሩ አንዲት የወሊሶ ሴት ስለ ወንጪ ነግረዋት ኖሯል። ተራራው ላይ በመኪና ተወጥቶ፣ ከዚያ በፈረስ ወይም በእግር ወደ ተራራው ሆድ ተወርዶ፣ ከዚያ በታንኳ ሐይቁ ተሻግሮ ነው የሚደረሰው አሏት። «ለመድረስ ይህን ሁሉ አበሳ የሚጠይቅ ቦታ ምን አለበት?» ብዬ ብጠይቅ፣ «ጨርቆስ» አለችኝ፤ በደሴቱ ላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን ማለቷ ነው። የእናቷ ጽዋ የቂርቆስ ነበር። ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል አድርጌ ልለፍ። ቢሾፍቱና ወንጪ ወንድማማች ናቸው። የቢሾፍቱን ሐይቆች፣ እነ ሆራንና ባቦጋያን፣ የቆፈራቸው ከምድር ሆድ የፈነዳ እሳት ነው፤ ወንጪንም ያው እሳት ነው የቆፈረው። ልዩነቱ አንደኛው ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት የሚደረስበት፣ አስፋልት ዳር፣ ሙቀቱ የሚስማማ ቆላ ቀመስ ምድር ላይ ሲፈነዳ፣ ሌላው ከ3,300 ሜትር በላይ በሆነ ተራራ አናት ላይ መፈንዳቱ ነው። ወንበር የሚደረደርበት ጉድጓድና በፈረስ የሚወረድበት ጉድጓድ የሆኑት በዚህ ብቻ ነው።

በፋሲካ ሳምንት ማግሰኞ ዕለት ከመርካቶ አውቶቡስ ተራ በቅጥቅጥ ተነሣን። ልጃችን ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን፣ ጊንጪን አልፎ አምቦ የሚያደርሰው መንገድ ለእኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ የምዝናናበት ስለሆነ ቅሬታ አልነበረኝም። አዲስ ዓለም ላይ ለልጃችን ታሪክ ልነግራት ሞከርኩ፤ ምኒልክ እንጨት ባለቀባቸው ጊዜ መናገሻቸውን ወደዚህ ሊያዛውሩ ጀምረው እንደነበረና ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን እንዳተረፋት። «ታዲያ ቢዛወሩ ኖሮ እኛ የዚህ ሰው እንሆን ነበር?» አለች። ያን ሰሞን ሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅን ካረፉ ገና ሁለት ወር ስላልሞላ፣ ቅጥቅጡ ውስጥ ስለ እሳቸው የማያወራ አልነበረም። የአምቦ ልጅ ናቸው፤ ቦዳ በምትባል ቀበሌ በ1928 ዓ.ም. ነው የተወለዱት። አንድ ሽማግሌ እንደ ዘመዳቸው ሞት እያነሡ ሲያዝኑ ሰማሁና ባለቤቴን አየኋት፤ መስኮቱን ታያለች።

አምቦ አደርንና ለአንድ ምሽት ሙቅ ውሃዬን አገኘሁ። በማግሥቱ ጠዋት ድንችና ሰው የጫነች አሮጌ ፒክ አፕ ላይ ተሳፍረን ወደ ደቡብ ወጣን። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያኔ ግን ኮረኮንች ስለነበረ ከአዲስ አበባ አምቦ የበለጠ ረዘመብን። ባሕር ዛፉ እየሳሳ፣ ጤፉ በገብስ፣ ገብሱ በእንሰት እየተተካ፣ ብርዱ በጃኬታችን እጅጌ እየገባ ሄደ። ከጫፉ ስንደርስ ሹፌሩ ሞተር አጠፋና «ይኸው ሀሮ ወንጪ» አለን።

ስለ ውበቱ ብዙ አልጽፍም። ፎቶግራፉን ያላየ የለም። አራት አምስት ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ ነው፤ ግድግዳው ላይ ጥድና አስታ በቅሏል፤ ታችኛው እርከን ላይ የእንሰትና የገብስ ማሳ፣ በመሃሉም ጭስ የሚወጣባቸው ጎጆዎች አሉ። ከዚያ በታች ጥቁርና ሰማያዊ መካከል የሆነ ውሃ፣ በውሃው ላይ ደሴት። እኔን የገረመኝ ጉድጓዱ ውስጥ ሰው መኖሩ ነው። እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ አጥር አጥሮ፣ ውሻ አሥሮ፣ ወፍጮ ተክሎ የሚኖር ሰው። እኛ ለመውረድ ስንሰጋ አንዲት እናት በጀርባቸው ማገዶ ተሸክመው፣ በእጃቸው እንዝርት እያሾሩ ወደ ላይ ይመጡ ነበር። አልፈውን ሲሄዱ እንኳ እንዝርቱን አላቆሙም።

የአካባቢው ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው ፈረስና ታንኳ በተራ ያከራያሉ። ሦስት ፈረስ ተሰጠን፤ አንድ ወጣት ባለ ፈረስ አብሮን ወረደ። ቁልቁለቱን በፈረስ መውረድ ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። ፈረሱ የፊት እግሩን ባሳረፈ ቁጥር ኮርቻው ወደ አንገቱ ይንሸራተታል፣ ሆድዎ ወደ ጉሮሮዎ ይወጣል፣ ከጆሮዎቹ መካከል የሚታይዎት መንገድ ሳይሆን ሐይቁ ነው። እኔ ግማሹ ላይ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ፤ ወጣቱም በጨዋነት «ጋሼ፣ ፈረሱም እንዲህ ይሻለዋል» አለኝ። ባለቤቴ አልወረደችም። ልጓሙን ግጥም አድርጋ ይዛ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ፈረሷን ብቻ እያየች ሄደች። ከሰባት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አሁን የምትሠራውን ብቻ ስታስብ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

ታንኳው የእንጨት ነው፤ ቀዛፊው ከልጃችን በሦስት ዓመት ቢበልጥ ነው። ደሴቱ ላይ ጨርቆስን ተሳለምን። ባለቤቴ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ሄዳ ብዙ ቆየች። ምን እንዳለች አልጠየቅኋትም። ሰማዩ የከፋው በዚህ መሃል ነው። የበልግ ደመና ጉድጓዱ አፍ ላይ እንደ ክዳን ገጠመና ነፋሱ ከግድግዳ ግድግዳ ይላተም ጀመር። ቀዛፊው ልጅ ውሃውን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ መቅዘፊያውን ወስዶ ከአንድ ዛፍ ሥር አጋደመው። በአማርኛው «አሁን የለም» ብቻ ነው ያለን። እኔ ሰዓቴን ባሳየው እሱ ማዕበሉን አሳየኝ። ይህን ያህል አጭርና ትክክለኛ መልስ ከማንም አዋቂ ሰምቼ አላውቅም።

ሁለት ሰዓት ተኩል ጠበቅን። በረዶ ጣለ። ተመልሰን ስንሻገር ልጃችን በጣሳ ውሃ ትቀዳና ታፈስሳለች፣ እኔ ስለቴን እቆጥራለሁ፣ ባለቤቴ መቅዘፊያውን ከልጁ ጋር ይዛለች። ዳር ስንደርስ መሸ። ባለ ፈረሱ ፈረሶቹን ይዞ ዝናብ ሲደበድበው ቆይቶ አገኘነው። ሊተወን ይችል ነበር፤ ማንም አይፈርድበትም ነበር። ዳገቱን ግን በዚያ ጭቃና ጨለማ አንወጣም አለን። «አክስቴ እዚህ ናቸው» አለና ፈረሶቹን ወደ ጎጆዎቹ መራቸው።

ወደ አንድ አጥር ቀርቦ ሲጣራ ያለው ቃል አልገባኝም። ትርጉሙ ግን ጠፋኝ ማለት አልችልም፤ አያቴ ይነግሩን የነበረው ያ ጥንታዊ ጥሪ ነው። በየአገሩ መንገደኛ ሲመሽበት ከሰው ደጅ ቆሞ «የመሸበት እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ይላል። «ቤት ለእንግዳ» ብሎ ከደጅ ይጣራል፤ ከውስጥም «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ይባላል። የቆሎ ተማሪውም፣ ነጋዴውም፣ ተሳላሚውም በዚህ ቃል ነው አገር ለአገር የዞሩት። ልብ ብላችሁት እንደሆነ አማርኛችን ለማያውቁት ሰውና ለተጋበዘ ሰው የተለየ ስም የለውም። ሁለቱም እንግዳ ነው። ባለመዝናኛው ደግሞ «ደንበኛ» ይለናል። ደንበኛ ሒሳቡን ይከፍልና ይወጣል፣ ማንም ዕዳ የለበትም። ይህም ክፉ ነገር አይደለም፤ ደክሞት የሄደ ሰው አንዳንዴ ውለታ ለመሸከም አቅም የለውም። ነገር ግን ዕድሜ ልኬን ያረፍኩባቸውን ክፍሎች ልቁጠር ብል የሦስቱ ቀለም ትዝ አይለኝም። የዚያች ጎጆ ግን በሩ እንዴት እንደሚያንቋርር እንኳ አሁን ብትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ።

አክስቲቱ በዕድሜ ከባለቤቴ እናት ብዙም አይርቁም። አማርኛ ትንሽ፣ እኛ ኦሮምኛ ምንም። «ኮቱ፣ ኮቱ» እያሉ ወደ እሳቱ አስጠጉን፤ እርጥብ ልብሳችንን ገፈፉና ከጭሱ በላይ ሰቀሉት። ጥጆችና ፍየሎች በግድግዳው ማዶ ይተነፍሳሉ። ቆጮ ጋገሩ፤ አይብና ቅቤ አወጡ፤ ፋሲካ ነውና ወተት አልተከለከለም። ቡናው ተቆላ። ባለቤቴ እንደ ልማዷ ብድግ ብላ ረከቦቱን ልትቀበል ስትል ሴትዮዋ እጇን ያዙና አስቀመጧት። ሁለተኛ ብድግ ስትል ሁለተኛ አስቀመጧት። ሦስተኛ ሲሆን ለወንድማቸው ልጅ አንድ ነገር ተናገሩ፤ እሱም እየሳቀ «ይቺ ልጅ ቤቷ ማን አስቀምጧት ያውቃል? ብለዋል» አለን። ባለቤቴ አልሳቀችም። ጉልበቷን አቅፋ እሳቱን ማየት ጀመረች፤ እንባዋ ሲወርድ አልጠረገችውም፣ ሴትዮዋም ስለምን እንደሆነ አልጠየቁም። ጋቢያቸውን ከራሳቸው ላይ አንሥተው ደረቡላት።

እኔ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ቁንጫው፣ ጭሱ፣ የጅቡ ጩኸት፣ ከሁሉ ይልቅ መደቡ ወገቤን። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባለቤቴ የምትነሣበት ሰዓት ስለሆነ ጆሮዬን አቆምኩ። አልተነሣችም። አሥርም ሆነ፣ ዶሮም ጮኸ፣ በግድግዳው ማዶ ጥጃው ተነሣ። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ልጃችን ልትቀሰቅሳት ስትል ሴትዮዋ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ወደ ውጭ አስወጡን። ደጅ ቆመን ጉም ከሐይቁ ሲነሣ እያየን ሦስት ሰዓት አለፈ።

ልንሄድ ስንል ገንዘብ አወጣሁ። ሴትዮዋ አልተቀበሉም፤ ልጃችን እጅ ላይ ግን የተጠበሰ ገብስ በቅጠል ጠቅልለው አደረጉላት። ባለ ፈረሱ ደግሞ የፈረሱንና ያደረበትን ጨምሮ ሒሳቡን ቆጥሮ ተቀበለን። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሳንመለስ ቆየን። ኅዳር 2008 ዓ.ም. ከጊንጪ የተነሣው ተቃውሞ የአገሪቱን መልክ ሲለውጥ ያን መንገድ በዜና ነበር የምንከታተለው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በመንግሥት ጦርና በኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት ታጣቂዎች መካከል በተነሣው ግጭት የምዕራብ ሸዋ መንገዶች በፍርሃት የሚኬድባቸው ሆኑ። ስለ ጀብዱ ጉዞ የሚጽፍ ሰው ይህን ሊዘነጋው አይገባም። እኔ ማዕበሉን ወድጄ ባላየውም ሄጄ ነው ያገኘሁት፤ ሲያበቃም ቤቴ ገባሁ። ለገበያ ድንች ይዞ አምቦ የሚወርደው ገበሬ ግን ልሂድ አልሂድ ብሎ የሚያማርጠው ዕድል የለውም። በነዚያ ዓመታት ልጃችን «ወንጪን በእግር እንዙር» ባለች ቁጥር፣ ቢሾፍቱን እምቢ ያለችው እናቷ ናት የከለከለቻት።

ወንጪ ግን ዝም ብላ አልጠበቀችንም። ነሐሴ 2012 ዓ.ም. ገበታ ለሀገር የተባለው ፕሮጀክት ሲታወጅ ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ወንጪ ተመረጠች። በ2014 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ብሎ ከሰየማቸው መካከል አገባት። ከአምቦ ወሊሶ ኮረኮንቹ በአስፋልት ተተካ፤ በ2016 ዓ.ም. ሎጁ ተመረቀ። ልጃችን ደመወዝ የምትቆጥር ሰው ሆናለችና ኅዳር 2017 ዓ.ም. እኔን በወሊሶ በኩል ይዛኝ ሄደች። እናቷ ተረኛ ስለነበረች ቀረች።

እውነቱን ልናገር፣ ተመቸኝ። ሙቅ ውሃ በወንጪ ብርድ! አልጋው ጥሩ፣ ሰዉ ትሑት ነው። ሐይቁ ከመስታወቱ ጀርባ ተዘርግቶ ሳለ ቡናዬን ጠጣሁ። ብዙዎቹ ደንበኞች ሲመጡም ሲሄዱም በመስታወቱ አይተውት እንደሚመለሱ ታዘብኩ፤ አልፈርድባቸውም፣ ጉልበት ቢኖረኝ ኖሮም የምመሰክርባቸው እኔ አይደለሁም። ልጄ ግን ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ቀሰቀሰችኝ። «አባባ፣ ቤታቸውን እናገኘው ይሆናል» አለች። በምርኩዝና በትከሻዋ እየተደገፍኩ ወረድኩ።

ጎጆዋ በቦታዋ የለችም፤ በአጠገቧ ባለ ቆርቆሮ ቤት ተሠርቷል። ሴትዮዋ ካለፉ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ «ዐረፉ» ነው ያሉን። ቀዛፊው ልጅ የሚባለው፣ ያ «አሁን የለም» ብቻ ያለን፣ የሦስት ልጆች አባት ሆኖ አሁንም ይቀዝፋል። አላወቀንም። ስለ በረዶውና በጣሳ ውሃ ስለምትቀዳው ልጅ ስነግረው ግን ልጄን አየና «ጣሳውን ሐይቅ ውስጥ የጣልሽው አንቺ ነሽ» አላት። ጥላው ኖሯል፤ እኔ አላስታውስም፣ እሷ ሳቀች።

ወደ ጨርቆስ ሊያሻግረን ታንኳው ላይ አስቀመጠን። ውሃው እንደ መስታወት ነው። ከመሃል ስንደርስ መቅዘፉን አቆመና በአገጩ ወደ ላይ፣ ወደ ሎጁ አመለከተ።

«እዚያ ነው ያደራችሁት?»

«አዎ።»

«ለአንድ ሌሊት ስንት ነው?»

ልጄ ነገረችው። ጥቂት ዝም አለ። በጣቱ የታንኳውን ጠርዝ እየነካ አንድ ነገር ቆጠረ፤ በግ ይሁን በምን አላውቅም።

«ቁርስም አለበት?» አለ።

«አለበት» አለችው።

ራሱን ነቀነቀና መቅዘፊያውን አነሣ።